ያላበው ክንፍ

አውሮፕላን እየሠራሁ መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መብረር ነው። ይነሣል ወይ? ማን ይነዳዋል? የት ያርፋል? ስለ ማፍሰስ የጠየቀኝ ወንድሜ ብቻ ነው። ከሌላው ሰው ጋር ቀልደን ስንለያይ ከእርሱ ጋር የተጣላነው ለዚህ ይመስለኛል።

ንፋስ መውጫ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ብየዳ ቤት አለኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ እበይዳለሁ፣ የተሰበረ የባጃጅ ወንበር እጠግናለሁ። ስጀምር «ሴት ልጅ እሳት ስትተፋ» እያሉ ለማየት የሚቆሙ ነበሩ፤ አሁን በራቸው ሲሰበር ይመጣሉ። ከሥራ በኋላ ደግሞ አውሮፕላኔን እሠራለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በአሉሚኒየም ላሜራ የተሸፈነ፣ ከአሮጌ የቤት መኪና የወጣ ሞተር የሚገባለት ትንሽ ነገር ነው። ሥራውን የተማርኩት ከስልኬ ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር አያለሁ፣ ሲጠፋ ያየሁትን እሞክራለሁ። ለምን እንደምሠራው ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ ስለምችል። ይህ መልስ ሰውን ያናድዳል። ወንድ ቢለው «ጎበዝ» ይባልለት ነበር።

በዚህ ዘመን ከላይ የሚመጣ ድምፅ ለማንም ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ድምፅ ሲሰማ ሰው ከብቱን ትቶ ወደ ዛፍ ጥላ ይሮጣል። እኔ ግን ሰማዩን ለሚያስፈራን ነገር ብቻ ለቅቄ ቁጭ አልልም። ይህን ብዬ የተቆጣኝ ሰው አለ፤ ይቆጣ።

የአውሮፕላኑ ገላ ብየዳ ቤቴ ውስጥ ይገባል። ክንፎቹ ግን አይገቡም። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአባቴ ግቢ ወሰድኳቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ መሬቱን የሚያርሰው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እናቴም ከእርሱ ጋር ትኖራለች። ከአውድማው አጠገብ የገለባ ቤት አለ፤ ገለባው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ክንፎቹ በእንጨት ላይ ተጋደሙ። ወንድሜ አልከለከለኝም። ርስቱ የኔም መሆኑን ያውቃል፤ የሚያስታውሰው ሰው ቢያጣ እንኳ እኔ እንደማስታውሰው ያውቃል። እናቴ ደግሞ ስገባም ስወጣም በሩ ላይ ቆማ ክንፎቹን ታይና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ልጇ በሰው አፍ መግባቷ ያሳፈራት ይመስለኝ ነበር።

ጠቡ የመጣው ገብሱ ታጭዶ በተከመረ ጊዜ ነው። ክምሩ ከገለባ ቤቱ ጎን ቆሞ ውቂያ ይጠብቃል። ወንድሜ አንድ ቀን ገባና አንደኛው ክንፍ ላይ ያለችውን ክዳን አየ።

«አንች፣ ይች ምንድን ናት?» አለኝ።

«ቤንዚን መጨመሪያ።»

«ቤንዚኑን እክንፉ ውስጥ ነው የምትጨምሪው?»

«አዎ ጋሼ።»

ወጣና ክምሩን አየ፣ ተመልሶ ገባ። «ገብሴ ኸዚያ፣ ቤንዚንሽ ኸዚህ። አንድ ክብሪት ነው የሚያገናኛቸው።»

«አይፈስም።»

«ጣራ ሠሪ ሁሉ እንዲያ ይላል። ክረምት ሲገባ ግን ድስት ስንደረድር ነው የምናድር።»

ሞኝ አይደለም ወንድሜ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ያ ክምር የቤቱ ዓመት ነው። ነገር ግን በማግስቱ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ ተረተብኝ። ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ። «ሽማግሌ ይቀመጥ!» አልኩ።

በእኛ አገር የወንድምና የእኅት ነገር ሌላ ቦታ ከመድረሱ በፊት በሽማግሌ ያልፋል። ለከብት፣ ለድንበር፣ ለሰርግ ሽማግሌ ተቀምጦ ያውቃል፤ ለአውሮፕላን ክንፍ የተቀመጠው ያን ጊዜ ይመስለኛል። የእናቴ ወንድም፣ አንድ ጎረቤት፣ ሦስተኛው የነፍስ አባታችን ነበሩ። አባታችን የምንላቸው እኚህ ቄስ በቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ ተምረው ያስመሰከሩ፣ ነገር ሲያበርዱ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ግራ ቀኙን ሰምተው ፈረዱ። ነዳጅ የሚይዘውን ክንፍ ስጨርስ እነርሱ ባሉበት ቤንዚን ይሞላል፣ ከሥሩ ነጭ አቡጀዲ ይነጠፋል። አንዲት ጠብታ ጨርቁ ላይ ከታየች ዕቃዬን ይዤ ከግቢው እወጣለሁ። ካልታየች የገለባ ቤቱ እስክጨርስ የኔ ነው፤ ወንድሜም ዳግመኛ አይናገረኝም። ሁለታችንም ቃል ገባን። ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ክንፉ ካፈሰሰ አውሮፕላኑ እዚያ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር የማስበው፤ ወንድሜም እንዲሁ።

ክንፍ ውስጥ ነዳጅ ማስቀመጥ ሲባል ሌላ ጋን አስገብቶ መክደን እንዳይመስላችሁ። ክንፉ ራሱ ነው ጋኑ። ላሜራው ከውስጥ ካለው አጥንቱ ጋር በሪቬት፣ ጫፉ ተደፍጥጦ በሚይዝ ትንሽ ሚስማር፣ ይያያዛል። እያንዳንዱ ሪቬት ቀዳዳ ነው፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ስንጥቅ ነው። ቤንዚን ደግሞ ከውኃ የባሰ ሌባ ነው፤ ውኃ ያላየውን ቀዳዳ ያገኛል። ስለዚህ ሁሉም ከውስጥ በኩል በማስቲሽ ይደፈናል። ማስቲሹን የሰጡኝ አዲስ አበባ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። በስልክ ሲያስረዱኝ፣ «ልጄ፣ አልይዝ ካለሽ ማስቲሹን አትስደቢው። የማያስይዘው ቆሻሻ ነው። የጣትሽ ወዝ እንኳ ይበቃዋል» አሉኝ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ቅባት በሚያነሣው አሴቶን ጠረግኩት፣ ነጩ ጨርቅ መጥቆሩን እስኪያቆም ደጋገምኩት።

ማስቲሹ ነጭና ጥቁር ሆኖ ለየብቻው ይመጣል። ከተቀላቀለ በኋላ ሰው አይጠብቅም፤ ስልክ ቢጮህም፣ ሰው ቢጠራሽም፣ ጀርባሽ ቢሰበርም እጅሽ መሥራት አለበት። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ፀጉሬ ውስጥ ገባ፣ ነጠላዬ ውስጥ ገባ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ቀስ እያሉ ራቁኝ። እኔ ግን ወደድኩት። እያንዳንዷን የሪቬት ራስ በጥቁር ማስቲሽ ስሸፍን፣ ማንም ያላስተማረኝን ሥራ ማንም በማያየው ቦታ አሳምሬ ስሠራ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

የቀረው የኋላ መዝጊያው ነበር። የሚያርፍበትን ጠርዝ አጽድቼ ክንፉን ክፍት ተውኩትና መዝጊያውን ለመቁረጥ ወደ ብየዳ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ማስቲሹን ቀላቅዬ፣ ያጸዳሁት ጠርዝ ላይ ቀብቼ፣ መዝጊያውን በሪቬት መታሁት። በዚያ ሽታ ውስጥ አፍንጫ ሌላ ነገር አይለይም። ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቄ ሽማግሌዎቹ ይምጡ አልኩ።

ጠዋት መጡ። ወንድሜ አቡጀዲውን ራሱ አነጠፈው፣ እጥፋት እንዳይኖርበት በመዳፉ ደጋግሞ አስተካከለው። አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና «በስመ አብ በይና ቅጂው» አሉኝ። በማንቆርቆሪያ ቀዳሁት። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሁሉም ጨርቁን ነበር የሚያየው። ከዚያ ስለ ዘንድሮ ገብስ ተነሣ፣ ከገብሱ ስለ ውርጩ፣ ከውርጩ ስለ አንዲት ሙሽራ፤ ክንፌም ተረሳ። ወንድሜ ብቻ ዓይኑን አልነቀለም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ጥላው ሲዞር አጎቴ ተነሣና ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር አየ። «ደረቅ ነው! ኸቤታችን ጣራ ይሻላል እኮ!» አለ። ተሳቀ። ወንድሜ ተንበርክኮ ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰው። አሸንፌ ነበር።

ማንቆርቆሪያውን ላነሣ ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። በኋላው ጠርዝ፣ አንዷ ሪቬት ዙሪያ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለ። ጠረግኩት። ደረቀ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ጠብታ አይሆንም፣ ጨርቁ ላይም አይወርድም፤ ቤንዚን ትንሽ ሲሆን ጠብታ ከመሆኑ በፊት አየር ይወስደዋል። አይንጠባጠብም፣ ያልባል። በገባነው ቃል ላብ አልተጠቀሰም። አባታችን ግን ፊቴን አይተው ነበር። ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፣ ልጄ» አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። እርቅ እንዲወርድ ፈልገው ነው። እኔም ዝም ማለት ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደፈለግኩ! ያን ተረት የተረተብኝ ሰው፣ ያ የሳቀው ጎረቤት ሁሉ፣ በዚያ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሊሄድልኝ ነበር። በሪቬቷ ተናደድኩ፣ በጨርቁ ተናደድኩ፣ ዓይን ስላለኝ ተናደድኩ። ግን ከዚያች ሪቬት አጠገብ የሚቀመጠው የኔ ገላ ነው። ከጎኗ የቆመው ክምር የእናቴ እንጀራ ነው። ክንፉን የሠራሁት የወንድሜን አፍ ለማዘጋት ቢሆን ኖሮ እዚያው ይበቃኝ ነበር። የሠራሁት ግን ልነሣበት ነው።

«ያልባል» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምኑ?» አለ አጎቴ።

«ክንፉ። እዚህ ጋ። ጋሼ፣ ና እይ።»

ወንድሜ መጥቶ አየ። አልነካውም። አጎቴ ተቆጣ። «የተባለው ጠብታ ነው፤ ጠብታ የለም። ምን ቆርጧት ነው ራሷን የምትከስ?» አለ። አባታችን «እስኪ ጊዜ እንስጣት፣ ታስተካክለው» አሉ። ሁሉም ወንድሜን አየ።

«ራሷ ያልባል ብላለች» አለ።

«ብያለሁ» አልኩ። «ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

«ኧረ ተይ፣ ልጄ፣ እንለምንልሽ...»

«አይለመንልኝም አባታችን። ቃል ገብቻለሁ።»

አጎቴ «እልኸኛ» ብሎ ጋቢውን እያጣፋ ወጣ። ልክ ነው፣ እልኸኛ ነኝ። እልህ ባይኖረኝ ኖሮ ዛሬ የሰው በር ስበይድ አልገኝም ነበር።

ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን መልሼ ክንፉን አናፈስኩት። በጎኑ ያለችውን የእጅ ማስገቢያ ክዳን ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩና ያላበችውን ሪቬት ፈለግኩ። ማስቲሹን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ተቀቀለ ባቄላ ቅርፊት ተገፎ መጣ። ጨርሶ አልያዘም ነበር። አውጥቼ ገልብጬ አየሁት፤ በጀርባው ቢጫ ወዝ አለ። አሸተትኩት። መጀመሪያ ቤንዚን ሸተተኝ። ቀጥሎ ወይራ።

ወይራ! የወተት ቅል የሚታጠንበት ወይራ።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ናት።

«እምዬ፣ ይህን ክንፍ ምን አድርገሽዋል?»

«አጠንሁት» አለችኝ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። «ክፍት ትተሽው የሄድሽ ለት። ክፉ ነገር አላገባሁበትም፤ ወይራ ነው።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው? አዲስ ዕቃ ሳይታጠን ምን ይይዛል? ወተት እንኳ ባልታጠነ ቅል አይቀመጥ። አንች ደግሞ በዚህ ሰማይ ላይ ልትወጭበት ነው።»

ጮህኩባት። በእናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮህኩባት። ያ ሁሉ ፍተጋ፣ ያ ሁሉ አሴቶን፣ ያ ሁሉ ማስቲሽ በአንድ ጭብጥ የወይራ ጭስ ገደል ገባ! ቦታዬን አስወሰድሽብኝ አልኳት። ጨርሼ ትንፋሽ ሳጣ ነው የተናገረችው ነገር ወደ ጆሮዬ የገባው። ይህን ያህል ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ስታይ አፍራብኝ አልነበረም። ልጄ ትወጣበታለች ብላ ያመነች፣ ከእኔ ሌላ፣ እርሷ ብቻ ነበረች። ይህ ገብቶኝም ንዴቴ አልበረደም። ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ።

አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አላለችኝ። «እንግዲያ እንዴት እንደሚታጠብ አሳይኝ» አለች።

ወንድሜ ውጭ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ አወቀ። «ተመለሽ» አላለኝም፤ እኔም «ይኸው» አላልኩትም።

ነዳጅ የሚይዘውን ክንፍ አስቀድመን በአቡጀዲው ሸፍነን አራት ሆነን ተሸከምነው፤ እኔና ሦስት የጎረቤት ወንዶች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በተመላሽ ሞልቷል። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ነገር በሰው ትከሻ ላይ ሲመጣ ያየ ሁሉ ከመንገድ ወጣልን። ወንዶቹ ቆብ አወለቁ። አንዲት ሴት እንስራዋን አውርዳ «ማነው? ወየው፣ ማነው?» እያለች ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ።

«እና ምንድን ነው?»

«ክንፍ ነው!»

ሴትዮዋ እንስራዋን አንሥታ ሰደበችኝ። ከፊት የተሸከመው ጎረቤት በሳቅ ሊጥለን ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ እያለቀስኩ ነበር የሳቅሁት።

በብየዳ ቤቴ ደጅ፣ ከመንገዱ ዳር፣ በሸራና በላስቲክ ድንኳን ሠራሁና ክንፎቹን እዚያ አስቀመጥኳቸው። አቧራ አለ፣ ንፋስ አለ፣ ሰው አለ። ባጃጅ ነጂዎች እያለፉ «መቼ ነው የምንሳፈር?» ይሉኛል፤ «አንተን አልጭንም፣ አፍህ ይከብዳል» እላቸዋለሁ። አንድ ዕቃ ሊያሠራ የመጣ መምህር ይህን ነገር ከሰው ዓይን ብደብቀው እንደሚሻል መከረኝ። ስደብቀው ኖሬ ምን አተረፍኩ አልኩት። መዝጊያውን አወጣሁ፣ ጭስ ያገኘውን ማስቲሽ ሁሉ ፍቄ ጣልኩ። እናቴ በእግሯ መጣች። በአሴቶን የነከረችውን ጨርቅ ይዛ ጠርዙን ጠረገችው፣ ጨርቁን አየችው፣ ለወጠችው፣ እንደገና ጠረገችው። እኔ ይበቃል ስላት እርሷ አይበቃም አለችኝ። ማስቲሹን ስቀባ ከአጠገቤ አልራቀችም፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ደርቆ ቤንዚን በገባበት ዕለት ብየዳ አልነካሁም፤ ደንበኛ መለስኩ። ሲጋራ የያዘ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ እጮህበታለሁ። ወደ ከሰዓት ገደማ ወንድሜ አህያውን እየነዳ መጣ። አህያውን አሰረ። ሰላምታም አልሰጠኝም። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አጎነበሰና የኋላውን ጠርዝ በጣቱ ሪቬት በሪቬት ዳሰሰው። ጣቱን አሸተተ። ሱሪው ላይ ጠርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ አየዋለሁ።

«ደረቅ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ቀና ብሎ ወደ መንገዱ አየ። «ገብሱ ተወቅቶ ገባ። አውድማው ባዶ ነው» አለ። «የገለባ ቤቱም» ብሎ ጨመረ።

ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው አውቃለሁ፤ አንድ አባት ነው የወለደን። ግን የምለውን ለማወቅ አላመነታሁም።

«አልመለስም ጋሼ። እዚሁ ነው የምጨርሰው፤ ሰው ሁሉ እያየኝ።»

አህያውን ይፈታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልፈታም።

«ቤንዚኑን ላወጣው ነው» አልኩት። «ጀሪካኑን ያዝልኝ።»

ጀሪካኑን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ጋቢውን አውልቆ አህያው ጀርባ ላይ ጣለና ክንፉ ሥር ገብቶ ተንበረከከ። ጀሪካኑን በሁለት ጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ያዘልኝ።